ዜማ ሰውነታችን ውስጥ ምን ይሠራል?

በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ነገሥታት ጦር ውስጥ በደመወዝ የሚያገለግሉ ብዙ የስዊዘርላንድ ወታደሮች ነበሩ። እነዚህ የተራራ ልጆች አገራቸውን ለቀው ሜዳ ሲሰፍሩ አንድ እንግዳ ሕመም ይይዛቸዋል ይባል ነበር፤ ምግብ ይዘጋቸዋል፣ ይከሳሉ፣ ያለቅሳሉ። በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ ወጣት ሐኪም በባዝል ከተማ ለዚህ የአገር ናፍቆት የሕክምና ስም አውጥቶ የመመረቂያ ጽሑፉን ሠራበት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ80 ዓመት በኋላ ፈላስፋው ዣን ዣክ ሩሶ በ1768 የሙዚቃ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ የእነዚህን ወታደሮች ነገር አነሣ። የስዊስ እረኞች ላሞቻቸውን የሚጠሩበት ዜማ ነበራቸው። ሩሶ እንደሚለው ይህን ዜማ በጦሩ መካከል የተጫወተ ሰው በሞት ይቀጣ ነበር፤ የሰማው ወታደር በእንባ ይታጠባል፣ ወይም ከድቶ ይጠፋል፣ ወይም በናፍቆት ይሞታል ተብሎ። የሞት ቅጣቱ ትንሽ የተጋነነ ይመስለኛል።

ቁም ነገሩ ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ሩሶ ዜማውን ራሱን ቢመረምረው ያን ሁሉ እንባ የሚያመጣ ምንም የተለየ ነገር አላገኘበትም። ስዊስ ያልሆነ ሰው ሲሰማው ምንም አይሆንም። ስለዚህ የሚያስለቅሳቸው ልማዱ፣ ትዝታው፣ በዜማው ተጎትቶ የሚመጣው የልጅነት ኑሮ ነው ብሎ ደመደመ።

ዛሬ ስለ ሙዚቃና ስለ ጤና የምንሰማው ብዙው ነገር የሩሶን ተቃራኒ ነው። ድምፁ ውስጥ የተቀበረ ኃይል አለ፤ ትክክለኛውን ፍሪኩዌንሲ ያገኘ ሰው ይረጋጋል፣ ይፈወሳል፣ አእምሮው ይከፈታል ይባላል። ያለፉት ሠላሳ ዓመታት ጥናቶች ሲታዩ ግን ወደ ሩሶ ያደላሉ። ድምፅ በቀጥታ ሰውነት ላይ የሚሠራው ነገር አለ፤ እውነት ነው፤ ግን ጥቂት ነው። ትልቁን ሥራ የሚሠራው ጆሮ በዕድሜው ሲለምድና ሲያጠራቅም የኖረው ነው።

በቀጥታ ከሚሠራው እንጀምር። ድምፅ የአየር መገፋፋት ነው። ክራር ሲመታ ጅማቱ ይርገበገባል፣ አጠገቡ ያለውን አየር ይገፋል፣ የተገፋው አየር የጆሮ ታምቡር ላይ ይደርሳል። ከታምቡሩ ጀርባ ያሉ ሦስት ትንንሽ አጥንቶች እንቅስቃሴውን ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያቀብሉታል። እዚያ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የተጠቀለለና ፈሳሽ የሞላበት ቧንቧ አለ። በውስጡ በእያንዳንዱ ጆሮ 15,000 ገደማ ጥቃቅን ፀጉር ያላቸው ሴሎች ተደርድረዋል፤ መግቢያው ላይ ያሉት ቀጭኑን ድምፅ፣ ጫፉ ላይ ያሉት ወፍራሙን ይቀበላሉ። ጤነኛ ወጣት በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ሁሉ ይሰማል።

ከዚያ መልእክቱ በነርቭ አድርጎ መጀመሪያ የሚደርሰው አንጎል ግንድ ላይ ነው። ይህ ክፍል ትንፋሽንና የልብ ምትን የሚያስተዳድር፣ ማሰብ የማያውቅ ክፍል ነው። ጎማ ሲፈነዳ ምን እንደሆነ ሳናውቅ ብድግ የምንለው፣ ዓይናችን የሚጨፈነው፣ ትከሻችን የሚሰበሰበው ለዚህ ነው፤ ሁሉም ነገር ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ይጀምራል። ዓይን ይከደናል፤ ጆሮ ክዳን የለውም፤ እንቅልፍ ላይም ሆነን ይሠራል። የሰው የጭንቅ ጩኸት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ፔፕልና ባልደረቦቻቸው በ2015 እንዳሳዩት፣ በጩኸት ውስጥ የድምፁ ጉልበት በሰከንድ ከ30 እስከ 150 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ተራ ንግግር ይህ ሻካራነት የለውም። የማንቂያ ደወሎች ውስጥ ግን ተገኝቷል። ድምፁ ሲሻክር ፍርሃትን የሚያነቃው የአንጎል ክፍል፣ አሚግዳላ፣ ይበልጥ ይሠራል። የደወል ሠሪዎቹ ይህን ሳያውቁ በሙከራ ሳይደርሱበት አልቀሩም።

ፍጥነትም እንዲሁ በቀጥታ ይሠራል። በጣሊያን የፓቪያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሙ ሉቺያኖ በርናርዲ በ2006 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን የተለያየ ሙዚቃ እያሰሙ ትንፋሻቸውንና ደም ግፊታቸውን ለኩ። ፈጣን ምት ሁለቱንም ከፍ አደረገ። የሚገርመው ግን በሙዚቃዎቹ መካከል ያስገቡት የሁለት ደቂቃ ጸጥታ ነው፤ በዚያ ጊዜ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ከነበረውም በታች ወረደ። ጸጥታው ብቻውን ሳይሆን ከሙዚቃ ቀጥሎ ሲመጣ ነው እንዲህ የሚያደርገው።

ከዚያ በፊት በ2001 እነበርናርዲ ሌላ ነገር አሳይተው ነበር። 23 ሰዎች የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን ሲደግሙ፣ ቀጥሎም አንድ የቲቤት ቡድሂስቶችን ጸሎት ሲደግሙ ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ ስድስት ጊዜ ያህል ዝቅ አለ። በዚህ ፍጥነት መተንፈስ ልብና የደም ሥሮች አንዱ ሌላውን የሚያርሙበትን ሥርዓት ያጠናክራል። ሁለት የማይገናኙ ሃይማኖቶች፣ ሁለት የማይገናኙ ቋንቋዎች፣ አንድ የትንፋሽ ርዝመት። በጣት እየተቆጠረ 41 ጊዜ የሚባለውን ኪርያላይሶን፣ ወይም በወሎ መንዙማ ውስጥ ተቀባዩ የሚደጋግመውን አዝማች ያለ ሰው ሰውነቱ ይህን ነገር ያውቀዋል። ትንፋሹን የሚያረዝመው ዜማው ነው፤ ልቡን የሚያረጋጋው ትንፋሹ።

አባቶቻችን ይህን በሳይንስ ስም ባይጠሩትም በሥራ ላይ አውለውት ነበር። ልጅ ለማስተኛት እሹሩሩ፣ ወኔ ለመቀስቀስ ሽለላና ፉከራ፣ ለሐዘን ሙሾ፣ ለጾም በገና፣ ብቻውን ለሚብሰለሰል እንጉርጉሮ። ሁሉም በፍጥነታቸው፣ በድምፃቸው ጉልበትና በትንፋሻቸው ይለያያሉ።

እስከዚህ ያለው ለማንም ሰው ይሠራል። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ጆሮ በተማረው ላይ የቆመ ነው።

በ1956 ሊዮናርድ ማየር የተባሉ አሜሪካዊ የሙዚቃ ምሁር ስሜት የሚመጣው ከመጠበቅ ነው ብለው ጻፉ። ጆሮ ቀጥሎ የሚመጣውን ይገምታል፤ ዜማው ግምቱን ያሟላል፣ ወይም ያዘገየዋል፣ ወይም ይክደዋል፤ በዚህ መካከል ነው ልብ የሚንጠለጠለው። ይህን ለማየት አዝማሪ ቤት መግባት ይበቃል። አዝማሪው የመጀመሪያውን ስንኝ ይላል፣ ይደግመዋል፣ መሰንቆውን እየገዘገዘ ሆን ብሎ ይቆያል። ቤቱ ሰሙን ሰምቷል፤ ወርቁን እየጠበቀ ነው። ስንኙ ሲዘጋ የሚፈነዳው ሳቅና እልልታ በመቆየቱ የተገዛ ነው። አማርኛ የማያውቅ እንግዳ እዚያው ተቀምጦ መሰንቆውን ሊወደው ይችላል፤ የሚጠብቀው ነገር ስለሌለው ግን የመንጠልጠሉ ደስታ ያመልጠዋል።

ይህ መጠበቅ አንጎል ውስጥ የት እንደሚሠራ በ2011 ታየ። በሞንትሪያል የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ቫሎሪ ሳሊምፑርና ሮበርት ዛቶሬ ሙዚቃ ሲሰሙ ሰውነታቸውን ውርር የሚያደርጋቸውን ሰዎች መርጠው አንጎላቸውን ፎቶ አነሡ። ዶፓሚን የሚባለው ኬሚካል፣ ምግብ ሲቀርብልን ወይም ገንዘብ ስናገኝ የሚፈስሰው ማለት ነው፣ ሁለት ጊዜ ታየ፤ የሚወዱት ቦታ ሲቃረብ በአንድ ስፍራ፣ ቦታው ሲደርስ ደግሞ በሌላ ስፍራ። ጉጉቱና እርካታው ለየብቻ ናቸው። በዚህ ጥናት ውስጥ አንድ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አለ። ሙዚቃውን የመረጡት ተመራማሪዎቹ አይደሉም፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ይዞ መጣ። ሌላ መንገድ አልነበረም፤ አንዱን ውርር የሚያደርገው ዘፈን ሌላውን ያዛጋዋል።

በ2019 በባርሴሎና የተሠራ ጥናት ነገሩን በመድኃኒት ፈተነው። 27 ሰዎች በተለያየ ቀን ዶፓሚንን የሚጨምር፣ የሚከለክል፣ ምንም የማያደርግም ክኒን ወሰዱ። ሲጨመር ሙዚቃው ጣማቸው፤ ሲከለከል ያው ሙዚቃ ቀዘቀዘባቸው። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ በዚያው ከተማ፣ ሙዚቃ ምንም ደስታ የማይሰጣቸው ጤነኛ ሰዎች መኖራቸው ተረጋግጦ ነበር፤ ከመቶ ሰው ከሦስት እስከ አምስት እንደሚሆኑ ይገመታል። ጆሯቸው ደኅና ነው፤ ዘፈኑ የደስታ ይሁን የሐዘን ይለያሉ፤ ገንዘብ ሲያሸንፉ እንደ ማንም ይደሰታሉ። ዘፈን ብቻ አያስደስታቸውም። ሠርግ ላይ ጥግ ይዞ የሚቀመጠውን ዘመድ ኩራተኛ ከማለት በፊት ይህን ማሰብ ደግ ነው።

አሁን ወደ ቅኝት። በአውሮፓ የሙዚቃ ትምህርት ተማሪ መጀመሪያ ከሚነገረው ነገር አንዱ «ሜጀር» ደስተኛ ነው፣ «ማይነር» አዛኝ ነው የሚል ነው። ሙሉ ትዝታ የምንለው ቅኝት አምስት ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ ናቸው፤ በዚያ ትምህርት መሠረት የሜጀር ወገን፣ ብሩህና ቀላል መሆን ነበረባቸው። ብዙ የስኮትላንድ የሕዝብ ዘፈኖች በእነዚሁ አምስት ድምፆች ነው የሚዘፈኑት። ለእኛ ጆሮ ግን ያው አምስቱ በትዝታ አካሄድ ሲመጡ ሆድ ያባባሉ። ልዩነቱ ድምፆቹ ውስጥ አይደለም። ዘፋኙ የሚያርፍበት፣ የሚያንቀጠቅጥበት፣ የሚዘገይበት ቦታ አለ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ በዚህ ቅኝት የሰማነው ግጥም ሁሉ ስለ ራቀ ሰውና ስላለፈ ጊዜ መሆኑ አለ። ሕፃን ሆነን፣ ቃሉ ሳይገባን በፊት፣ እናታችን ይህን ስትሰማ ፊቷ እንዴት እንደሚሆን አይተናል። ሩሶ ቢሰማው የራሱን ላም ጠሪዎች ባስታወሰ ነበር።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በቦሊቪያ የአማዞን ጫካ የሚኖሩትን ቺማኔ የተባሉ ሕዝቦች የኤም አይ ቲው ጆሽ ማክደርሞት በ2016 ጠየቋቸው። ለአውሮፓ ጆሮ የሚስማሙና የሚጋጩ የድምፅ ጥምረቶችን አሰሟቸው። ልዩነቱን ይሰማሉ፤ ግን አንዱን ከሌላው አላስበለጡም። ለዘመናት የተፈጥሮ ሕግ ነው ሲባል የኖረ ነገር ለእነርሱ የምርጫ ጉዳይ እንኳ አልነበረም።

ሁሉም የልምድ ነው ብሎ ማለፍ ደግሞ ስሕተት ነው። በ2009 በሰሜን ካሜሩን ተራሮች የሚኖሩ፣ የምዕራብ ሙዚቃ ሰምተው የማያውቁ የማፋ ሰዎች የትኛው የምዕራባውያን ሙዚቃ የደስታ፣ የትኛው የሐዘን፣ የትኛው የፍርሃት እንደሆነ በግምት ከሚገኘው በላይ አውቀዋል። የሐርቫርድ ተመራማሪዎችም በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ ሕፃናት በማያውቁት ቋንቋና ባህል የተዘፈነ እሹሩሩ ሲሰሙ ከሌላ ዘፈን ይልቅ ልባቸው ይበልጥ እንደሚረጋጋ ታይቷል። ያዘነ ሰው በየትኛውም አገር ዝግ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል፤ ዜማ ይህን ንግግር ሲመስል ባዕድም ይገባዋል። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ውሰዱ። በ2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ያረፉት እማሆይ ሥራዎቻቸው ብዙዎቹ ቃል የላቸውም፤ ግን ኢትዮጵያን በካርታ የማያገኝ ሰው ሁሉ ሌሊት ላይ ይሰማቸዋል። ዝግታውና ቆም ማለቱ ለማንም ይደርሳል። ከዜማው ሥር ያለው የቤተ ክርስቲያን ድምፅ የሚደርሰው ግን ቅዳሴ ቆሞ ላደገ ሰው ነው፤ ሁለቱ አድማጮች አንድ ዓይነት ነገር እየሰሙ ነው ለማለት ይከብደኛል።

የሚያሳዝን ዘፈን ለምን ደስ ይላል? ጥያቄው ሞኝ ይመስላል፤ ፈላስፎች ግን ከጥንት ጀምሮ ተቸግረውበታል። በ2014 ሊላ ታሩፊና ሽቴፋን ኮልሽ 772 ሰዎችን ጠይቀው ነበር፤ አሳዛኝ ሙዚቃ ከሁሉ በላይ የሚቀሰቅስባቸው ስሜት ሐዘን ሳይሆን ናፍቆት ሆኖ ተገኘ። ናፍቆት ደግሞ ግማሹ ጣፋጭ ነው፤ የጠፋውን ነገር ለጊዜው መልሶ ያመጣዋል። በዚያ ላይ በዘፈን ውስጥ ያለው ሐዘን የሚያስከፍለን ነገር የለም። ማንም አልሞተብንም፤ ዘፈኑ በአምስት ደቂቃ ያልቃል፤ ባሰኘን ጊዜ እናጠፋዋለን። የሌላን ሰው ስሜት ቶሎ የሚጋሩ ሰዎች አሳዛኝ ዘፈን የበለጠ እንደሚወዱም በተደጋጋሚ ታይቷል።

እውነተኛ ሐዘን ሲመጣ ደግሞ ዜማ ሌላ ሥራ አለው። አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ ለቀስተኛው እየተቀበለ በአንድ ምት ደረት ይመታል፤ የታነቀው እንባ መውጫ ያገኛል። የኦክስፎርዱ ሮቢን ደንባር በ2012 እንዳሳዩት አብረው የዘፈኑ፣ የጨፈሩ፣ ከበሮ የመቱ ሰዎች ከዚያ በኋላ ሕመም የመቻል አቅማቸው ይጨምራል፤ ቁጭ ብሎ ሙዚቃ መስማት ብቻውን ይህን አያመጣም። ሰውነት ራሱ የሚሠራው የሕመም ማስታገሻ የሚፈስሰው አብሮ ሲዘፈንና ሲጨፈር ነው ብለው ደመደሙ። ብቻን ሆኖ፣ በር ዘግቶ፣ ያንኑ ዘፈን ደጋግሞ መስማት ግን ከዚህ ይለያል። ድባቴ ላይ ላለ ሰው አሳዛኝ ዘፈን አንዳንዴ ሐሳብን እያመላለሰ የሚያባብስ ይሆናል። ከሰማ በኋላ ቀለል የማይለው ሰው ዘፈኑን ቢቀይር፣ ቢቻል ደግሞ ከሰው ጋር ቢወጣ ይሻለዋል።

ድምፅ ከዚህም አልፎ ንቃተ ኅሊናን ይቀይራል ይባላል። እዚህ ላይ የጎንደር ዛር ጥሩ ማስረጃ ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ላይ ወራት ተቀምጦ በዛር የተያዙ ሰዎችን ተከታትሎ ጽፏል፤ ከበሮ ይመታል፣ ይጨበጨባል፣ ይዘፈናል፣ የተያዘው ሰው ጉሪ የሚባለውን እንቅስቃሴ እያደረገ ራሱን ይስታል። የከበሮ ምት አንጎልን በቀጥታ እየነዘረ ያስታል የሚል ሐሳብ በ1960ዎቹ ተነሥቶ ነበር። ሌላው ፈረንሳዊ ዢልቤር ሩዤ በ1980 ስለ ሙዚቃና ራስን ስለ መሳት በጻፉት ትልቅ መጽሐፍ ይህን አጣጣሉት፤ ነገሩ እውነት ቢሆን ኖሮ ግማሽ አፍሪካ ዓመቱን ሙሉ ራሱን ስቶ ይኖር ነበር አሉ። ከበሮውን ሁሉም ይሰማዋል፤ የሚያዘው ግን ዛር ያለበት፣ የራሱን ዛር ዜማ ለይቶ የሚያውቅ፣ ሌሎችም ይያዛል ብለው የሚጠብቁት ሰው ነው። ከበሮ መቺው ራሱ ብዙውን ጊዜ ሲስት አይታይም።

በገና ወደ ሌላው ጫፍ ይወስዳል። አሥር አውታር አለው፤ በርኩማው ላይ በየአውታሩ ሥር ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ፤ ለዚህ ነው ድምፁ የሚንዘረዘረው። የብራስልሷ ተመራማሪ ስቴፋኒ ቫይሰር ይህን መንዘርዘር ለዓመታት አጥንተውታል። ጊታር ላይ ቢሰማ አውታሩ ተበላሽቷል ተብሎ ይጠገን ነበር፤ በገና ደርዳሪ ግን ያ ድምፅ እስኪመጣ ድረስ ቆዳውን ሲያስተካክል ይቆያል። በዐቢይ ጾም ሲደረደር ስለ ሞትና ስለ ዓለም ከንቱነት የሚናገረው ግጥም፣ ዝቅ ያለው ድምፅ፣ የወቅቱ ጾምና ዝምታ አንድ ላይ ነው አድማጩን ወደ ውስጥ የሚመልሱት። ያንኑ ቅጂ ታክሲ ውስጥ በፋሲካ ሳምንት ብትሰሙት ሥራው ይቀንሳል።

ሕክምናው ዘንድ ስንደርስ ነገሩ ከወሬ ወደ ተለካ ነገር ይገባል። በ2015 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ከ70 በላይ ጥናቶችን የሰበሰበ ግምገማ ወጣ፤ ወደ 7,000 የሚሆኑ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ነበሩበት። ሙዚቃ የሰሙት ሕመማቸውና ጭንቀታቸው ያነሰ፣ የሕመም ማስታገሻም የወሰዱት ያነሰ ሆነ። የሚገርመው ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቷቸው ተኝተው እያሉ የተሰማላቸውም ትንሽ ተጠቅመዋል። ሙዚቃውን ታማሚው ራሱ መምረጡ እዚህ ላይ ያመጣው ለውጥ ጥቂት ነው፤ እስካሁን ያልኩትን የሚፈትን ውጤት ስለሆነ አልደብቀውም።

በስትሮክ ሕሙማን ላይ የሄልሲንኪው ቴፖ ሳርካሞ በ2008 ባሳተሙት ጥናት 60 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን የራሱን የሚወደውን ሙዚቃ፣ ሌላው የተቀዳ መጽሐፍ ለሁለት ወር በየቀኑ ሰማ፣ ሦስተኛው ምንም። ከሦስት ወር በኋላ ቃላት በማስታወስና ትኩረት በመሰብሰብ ሙዚቃ የሰሙት ከሌሎቹ በለጡ። በስትሮክ ወይም በጉዳት አንደበቱ የተያዘ ሰው አንዳንዴ መናገር ያቃተውን ቃል በዜማ ሊያወጣው ይችላል፤ በዚህ ላይ የተመሠረተ ሕክምና ቦስተን ውስጥ በ1973 ተጀምሯል። በ2011 ጭንቅላታቸውን በጥይት የተመቱት፣ ያኔ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል የነበሩት ጋብሪዬል ጊፈርድስ ንግግር መልሰው የተማሩት በከፊል በመዝፈን ነው። በፓርኪንሰን እርምጃው የተሳሰረበት ሰው ደግሞ ወጥ የሆነ ምት ሲሰማ እግሩ ይፈታል፤ ማይክል ታውት በ1996 በሦስት ሳምንት ልምምድ የፍጥነትና የእርምጃ ርዝመት ለውጥ አሳይተዋል። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሚጨበጭብ ሰው ይበቃል።

የመርሳት ሕመም ያለበት ሽማግሌ የልጁን ስም ረስቶ የወጣትነት ዘፈኑን ከነግጥሙ ሲያዜም ያየ ብዙ ሰው አለ። የላይፕዚግ ተመራማሪዎች በ2015 እንዳገኙት፣ ለረጅም ጊዜ የታወቀ ሙዚቃ የሚታወስበት የአንጎል ክፍል በአልዛይመር ከሌሎቹ ዘግይቶ ይጎዳል። ሰው አጥብቆ የሚያስታውሰው ደግሞ ከ10 እስከ 30 ዓመት ዕድሜው የሰማውን ነው። ስለዚህ በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ላሉ እናት ለስላሳ የክላሲካል ሙዚቃ መክፈት ከምንም ይሻላል፤ ግን ሥራው ያለው የትውልድ ዓመታቸውን ወስዶ፣ 20 ሲደመር የትኛው ዘመን ላይ እንደሚያርፍ አስልቶ፣ በዚያ ጊዜ በራዲዮ የሚሰማውን፣ ወይም በደብራቸው የሚዘመረውን መፈለግ ላይ ነው። ይህን ከልጆቻቸው በቀር ማንም ሊያደርገው አይችልም።

አሁን ወደ ገበያው። በ1993 በካሊፎርኒያ 36 የኮሌጅ ተማሪዎች የሞዛርትን የሁለት ፒያኖ ሶናታ 10 ደቂቃ ሰምተው ወረቀት ማጠፍንና ቅርጽን በሚመለከት ፈተና የተሻለ ውጤት አመጡ፤ ለውጡ ከ15 ደቂቃ አላለፈም። ጋዜጦች «ሞዛርት ልጅን ብልህ ያደርጋል» አደረጉት። በ1998 የጆርጂያ ግዛት ገዥ ዜል ሚለር ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ የክላሲካል ሙዚቃ ለማደል 105,000 ዶላር ጠየቁ። በ2001 የቶሮንቶ ተመራማሪዎች ሲፈትሹት ሥራውን የሠራው የሰሚው መነቃቃትና ጥሩ ስሜት መሆኑ ታወቀ፤ ሌላ ደስ የሚል ነገርም ያንኑ ያደርጋል። ይፈውሳል እየተባለ ዩቲዩብ ላይ የሚሸጠው 432 ኸርዝ፣ በሰከንድ 432 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ማለት ነው፣ ከዚህ የባሰ ነው። ላ የሚባለው ድምፅ 440 እንዲሆን በ1939 ለንደን ላይ የተስማሙት ኦርኬስትራዎች እርስ በርስ እንዲግባቡ እንጂ ማንንም ለመጉዳት አልነበረም፤ ከዚያ በፊት ከከተማ ከተማ ይለያይ ነበር። የእኛ ክራር መቺማ ክራሩን የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው፤ ዛሬ ከፍ፣ ነገ ዝቅ። በአንድ ቁጥር የሚፈውስ ድምፅ ቢኖር ኖሮ እስከ ዛሬ አንድም የክራር ዘፈን ማንንም ባልነካ ነበር።

ድምፅ በቀጥታ፣ ያለ ልምድና ያለ ትዝታ፣ ሰውነትን በእርግጠኝነት የሚለውጥበት አንድ ቦታ ጉዳት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ባወጣው ሪፖርት የመኪና፣ የባቡርና የአውሮፕላን ጫጫታ ብቻውን በምዕራብ አውሮፓ በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ሚሊዮን የጤና ዓመታት እንደሚያሳጣ ገምቷል፤ አብዛኛው በእንቅልፍ መረበሽና በመበሳጨት ነው። ሰውየው ለምጄዋለሁ ቢልም አንጎል ግንዱ አይለምድም፤ ሌሊቱን ሙሉ ልቡን ሲያስደነግጥ ያድራል። ከእናታችን ሆድ ጀምሮ የያዝናቸው እነዚያ 15,000 የጆሮ ሴሎች ደግሞ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ድርጅቱ የሚመክረው በሳምንት 40 ሰዓት ቢበዛ 80 ዴሲቤል ነው፤ 90 ሲሆን ጊዜው ወደ አራት ሰዓት፣ 100 ሲሆን ወደ ሃያ ደቂቃ ይወርዳል። የሠርግ ድንኳን ውስጥ ድምፅ ማጉያ አጠገብ ያለ ጠረጴዛ 100 መድረሱ ብርቅ አይደለም። ሌሊቱን ጆሮዎ ጢዝ እያለ ካደረ ልክ አልፏል ማለት ነው። ክፍት ቦታ ላይ ከማጉያው ያለዎትን ርቀት በእጥፍ ሲጨምሩ ወደ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ በዚህ ስሌት ሳይጎዱ መቆየት የሚችሉበት ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል።